ጤና አዳም፦ ስሙ አያታላችሁ
ደምበጫም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ጓሮ ካለበት ቤት ጤና አዳም ብዙ ጊዜ አይጠፋም። አበባው ቢጫ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ፣ ዘመዶቹም ሎሚና ብርቱካን ናቸው (ቅጠሉን አሸት አርጋችሁ አሽትቱት እስኪ)። ቅጠሉ ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፣ ፍሬው ደግሞ ደርቆ በርበሬ ውስጥ ይገባል።

እናቶቻችን ግን በመድኃኒትነቱም ነው የሚያውቁት። ሆድ ቁርጠት ሲነሳ ቅጠሉን አፍልቶ ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጦ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው። ለቡዳ መከላከያ የሚይዘውም አለ።

ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ቡና ላይ የምትጣል አንዲት ቅንጣቢና ተጨምቆ በብርጭቆ የሚጠጣው በፍጹም አንድ አይደሉም። ነፍሰ ጡር ሴት እንደ መድኃኒት ልትጠጣው አይገባም፤ ማህፀንን ስለሚያኮማትር ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ለጨቅላ ሕፃን ጨምቆ ማጠጣትም አደጋ አለው፤ ሕፃኑ ካመመው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላም አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ፉራኖኩማሪን የሚባሉት ውህዶች ናቸው ጉዱን የሚሠሩት። ጤና አዳም ቆርጣችሁ ስትጨርሱ፣ ፀሐይ ላይ ሳትቆዩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።