የሥራ ማስታወቂያዎችን በኤፒአይ ስለማስተዳደር ለቀጣሪዎችና ለሥራ ፈላጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

በኢንተርኔት የሚሠራ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከበርካታ ቀጣሪዎች የሚመጡ ክፍት የሥራ ቦታዎችን በአንድ ስፍራ ያቀርባል። ቅጥሩ የተጠናቀቀ ማስታወቂያ ሳይነሣ ሲቆይ ሥራ ፈላጊው ለተያዘ ቦታ ማስረጃ ለማባዛትና ለትራንስፖርት ወጪ ይዳረጋል። ኤፒአይ ይህን ችግር ለመቀነስ ያግዛል፤ የሚጠቅመው ግን የሚላከው መረጃ ትክክለኛ ሲሆን ነው።

የኤፒአይ ምንነት

ኤፒአይ ሁለት የኮምፒውተር ሥርዓቶች በተወሰነ ደንብ መረጃ የሚለዋወጡበት መገናኛ ነው። የቀጣሪው ሥርዓት ጥያቄ ይልካል፤ ሰሌዳው መልስ ይሰጣል። በብዛት የሚያገለግሉት ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1. «ፖስት»፦ አዲስ ማስታወቂያ ለማውጣት፤
2. «ጌት»፦ የወጣውን ማስታወቂያ ለማየት፤
3. «ፓች»፦ ከፊሉን ለማሻሻል፣ ለምሳሌ የመዝጊያ ቀን ለማራዘም፤
4. «ዲሊት»፦ ማስታወቂያውን ለማንሣት።

ሰሌዳው መልሱን በቁጥር ይገልጻል። 201 ማስታወቂያው መመዝገቡን፣ 401 የላኪው ማንነት አለመረጋገጡን፣ 404 የተጠየቀው ማስታወቂያ አለመገኘቱን ያመለክታል። ቀጣሪው ከምዝገባ በኋላ የሚሰጠውን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር መያዝ ይኖርበታል፤ ማሻሻልም ሆነ ማንሣት የሚቻለው በዚሁ ቁጥር ነውና።

የቀንና የሰዓት አጻጻፍ

ሥርዓቶቹ ቀንን የሚለዋወጡት በአብዛኛው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በቅደም ተከተል ተጽፈው ነው። ስለዚህ የመዝጊያ ቀኑ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነ ማስታወቂያ 2025-10-10 ተብሎ ይላካል። ሳይለወጥ 2018-01-30 ተብሎ ቢላክ ግን ሥርዓቱ ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን አድርጎ ስለሚወስደው ማስታወቂያው ለሥራ ፈላጊው ላይታይ ይችላል። በተመሳሳይ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት የሚዘጋ ምዝገባ 17:00 ተብሎ፣ የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑም በ+03:00 ተመልክቶ ሊላክ ይገባል።

የቀጣሪዎች ኃላፊነት

ለቀጣሪው የሚሰጠው የኤፒአይ ቁልፍ እንደ ማኅተም የሚጠበቅ ነው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከገባ በድርጅቱ ስም ሐሰተኛ ማስታወቂያ ሊወጣበት ስለሚችል፣ ይህ ሲያጋጥም ወዲያውኑ እንዲሰረዝና በአዲስ እንዲተካ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአመልካቾች ስም፣ ስልክ ቁጥርና የትምህርት ማስረጃ በኤፒአይ ሲተላለፍም በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል። ቦታው እንደተያዘም ማስታወቂያውን ማንሣት የቀጣሪው ድርሻ ነው።

ሥራ ፈላጊዎች ሊያስተውሉ የሚገባቸው

አንድ ማስታወቂያ በኤፒአይ አማካይነት በበርካታ ሰሌዳዎች ሊወጣ ይችላል። በአንዱ ከተነሣ በኋላ በሌላው የሚቆይበት ጊዜ በመኖሩ፣ ከማመልከት በፊት የመዝጊያ ቀኑን በቀጣሪው ገጽ ወይም በስልክ ማረጋገጥ ይጠቅማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ በአገር ውስጥ ለሚሰጠው አገልግሎት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። በመሆኑም «ለምዝገባ» ወይም «ለፈተና» በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ያጋጠመው ሥራ ፈላጊ ክፍያ ሳይፈጽም፣ የማስታወቂያውን መለያ ቁጥርና ምስል ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማመልከት ይችላል።