የአያት ስም በአባት ስፍራ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ይሁንና የቅኝ ገዢ ሕግ ያወጣው ስምም አለ።

በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ከልጅ ስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያም የአያት ይከተላል። የመቀሌን ሽማግሌዎች ስለ ትውልድ ሐረግ ስጠይቅ በዚሁ መሰላል ወደ ላይ እወጣለሁ። አልፎ አልፎ ግን እናትና ልጅ በአንድ የአባት ስም ሲጠሩ፣ በወረቀት ላይም እኅትና ወንድም መስለው አገኛቸዋለሁ።

ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ልጁ የተወለደው በወረራው ዘመን ከሆነ ግን ታሪክን መጠየቅ ይገባል። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር መቀሌን በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ያዘ። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው የኢጣልያ ሕግ ደግሞ ኢጣልያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል፣ ስሙንም እንዳያወርሰው ከለከለ። አባት የተነፈጋቸው ብዙ ልጆች በእናታቸው አባት ስም ተጠሩ።

ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸነፈ፤ ስሙ ግን በልጅ ልጆች ላይ እስከ ዛሬ አለ።

የዘር ሐረግ የምትጽፉ ሆይ፣ ስሙን ላበደረው አያት አያትነቱን መልሱለት። ባዶ የቀረውንም የአባት ስፍራ ባዶ መሆኑን ጻፉት።