ለከባድ መኪና የሚሆን ዲሽ ፍለጋ ታይዋን ገብተን

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ጊዜ ያለው ያንብበው። የድሮ ተማሪዎቼ "ቲቸር ዛሬም ታሪክ ጀመረ" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ በሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ታይዋን ወርደን ነበር። ከድሬ ውጭ ላላችሁ፣ ታይዋን የምለው ገበያችንን ነው፣ ደሴቲቱን አይደለም። አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጅቡቲ ይጭናል፣ መሃል አገር ያራግፋል፣ ይመለሳል። ከ20 ዓመት በላይ ኑሮው ይኸው ነው፣ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ። ያን ዕለት የፈለገው ነገር ለመኪናው ዲሽ ነው።

"ጋሼ፣ ስልክህ ላይ አታይም እንዴ?" አልኩት። (የድሬ ልጅ አንቱ ማለት አይሆንለትም፣ አትፍረዱብን።)

"ስልክ ኔትዎርክ ባለበት ነው። እኔ የማድረው በሌለበት ነው" አለኝ። "ቢኖርስ ዳታውን ማን ይችለዋል? ደግሞ እኔ የምፈልገው ቤት ማታ ማታ የሚያዩትን በዚያው ሰዓት ማየት ነው። ስደውል ልጄ ድራማው ምን ላይ እንደደረሰ ትነግረኛለች፣ እኔ አዎ አዎ እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አዎ አዎ!"

እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ግን "አንተ ተምረሃል፣ አብረን እንምረጥ" ካለ እምቢ አይባልም። ሁለት ቀን አነበብኩ፣ ዲሽ የሚሠሩ ልጆችንም ጠየቅኩ። ሳነብ የገባኝ ነገር ቢኖር አጎቴ የጠየቀኝ ነገር ከዲሽ ተፈጥሮ ጋር የሚጣላ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አርተር ሲ. ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ አንድ መጽሔት ላይ ሐሳብ አቀረበ። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሳተላይት ልክ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ሰው ሰማይ ላይ እንደተቸነከረ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ለቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ሊሆን ይችላል አለ። ሰውየው በኋላ የታወቀው በሳይንስ ልብ ወለድ ነው፣ ይሄኛው ግን ልብ ወለድ ሆኖ አልቀረም። ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሲንኮም 3 የተባለች ሳተላይት የቶኪዮን ኦሊምፒክ ፓስፊክን አሻግራ ለአሜሪካ አደረሰች። ቶኪዮ! አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ማለት ነው። አበበ የሮጠው ኦክቶበር 21 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ደግሞ ኖቬምበር 2፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.። በ12 ቀን ተላለፉ። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌም አንድ ተማሪ "በቃ አበበን ሳናየው ቀረን?" ይላል። አዎ፣ በቀጥታ ያየው ሌላው ዓለም ነው።

እንግዲህ የዲሽ ሥርዓት በሙሉ የተሠራው "ላይ ያለው አይንቀሳቀስም፣ ታች ያለውም አይንቀሳቀስም" በሚል ስምምነት ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ዲሽ ሁለትና ሦስት ዲግሪ ከተዛባ ስክሪኑ ላይ "ሲግናል የለም" ይመጣል። ነፋስ ሲነካው፣ ልጅ ኳስ ሲመታው፣ ቁራ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኔ ይህን በደንብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ 1997 ነበር፣ የፕላዝማ ዘመን። ለትናንሾቹ ላስረዳ፦ ትምህርት ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቃል፣ በየትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዲሽ አለ፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ስክሪን። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሃሉን ከእኛ ጋር ቆሞ ያያል። የስክሪኑ ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቅና "ጥሩ ነው!" ብሎ ያልፋል፣ ማን እንደመለሰለት እሱ ያውቃል። አገር ሙሉ በአንድ ደቂቃ አንድ ገጽ ላይ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ የጋምቤላውም የድሬውም ልጅ። ሐሳቡ አይናቅም። ግን አንድ ቀን ዲሹ ከዛበት፣ መብራትም ከሄደ፣ ያ ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ጠብቁኝ አይባልም። አንድ ጊዜ ከንፋስ በኋላ ለሳምንታት ባዶ ስክሪን እያየን ተቀምጠናል፣ ወጥቶ የሚያስተካክለው ሰው ጠፍቶ። የፊዚክስ መምህራችን ግን በጣም የተደሰተው በዚያ ሰሞን ነበር፤ ጠመኔውን አንስቶ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ መምህር ከሆንኩባቸው ምክንያቶች አንዱ እነዚያ ሳምንታት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ወደ ድሬ ጣሪያዎች ልመለስ። ከተማችን ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ እቃ መጀመሪያ የሚያየው ድሬ ነው ብንል ጉራ አይሁንብን። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ከዚያም ዲሽ፤ አንዳንዱ በቀረጥ፣ አንዳንዱ ደግሞ (ዝም እንበል) በእናቶቻችን ሽርጥ ሥር። ዲሹ ሲመጣ አረቦቹ ቀድመው ሰማዩን ይዘው ነበር። አረብሳትን የአረብ ሊግ አገሮች ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፣ የመጀመሪያዋ ሳተላይታቸው በ1985 ወጣች። የግብጿ ናይልሳት ደግሞ በ1998። ስለዚህ እኛ ልጆች ሳለን "ዲሽ አላቸው" የሚባል ቤት ማለት አረብኛ የሚሰማበት ቤት ማለት ነበር። የአሜሪካ ፊልም ከሥሩ የአረብኛ ጽሑፍ እየተደረደረለት ስናይ አደግን። አማርኛ የሚናገሩ የሳተላይት ጣቢያዎች በኋላ ናቸው የመጡት፤ ኢቢኤስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ቃና በ2008 ሚያዝያ አካባቢ። በዚህ መሃል ደግሞ የሚያዩት ነገር የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር፤ በ2009 ጥቅምት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ተከልክሎ ነበር።

ከዚያ በ2012 አካባቢ ዲሾቹ ዞሩ። ይህን በዓይኔ ያየሁት ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደተባለው አገልግሎት ሲገቡ ሳተላይቷ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለችው ኤንኤስኤስ 12 ሆነች። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ከድሬ ሆናችሁ ስታዩት ናይልሳት በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ዲሹ ጀንበር መጥለቂያውን የሚያይ ይመስላል። አዲሷ ግን በደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብላ ወደ አናት የቀረበች ናት። ስለዚህ ከዚራ ላይ፣ ሳቢያን ላይ፣ መጋላ ላይ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣሪያው ሁሉ ፊቱን አዞረ፣ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። የግድቡ ወሬ የጋለበት ጊዜ ስለነበር ሰው ነገሩን ከግብፅ ጋር አያይዞ ብዙ አወራ። ዲሽ የሚሠሩት ልጆች ግን ያን ዓመት ጥሩ በሉ፣ እግዜር ይስጣቸው።

የቆመው ሰው ይህን ሁሉ አየ። የሚንቀሳቀሰውስ?

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁ ጆሮ የማያውቀው አንድ ስም አለ፦ ኖህ ሳማራ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። ወርልድስፔስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ1998 አፍሪስታር የተባለች ሳተላይት አስወነጨፈ፤ ዲሽ ሳያስፈልግ በትንሽ አንቴና ሬዲዮ በቀጥታ ከሰማይ እንዲሰማ፣ በተለይ ለአፍሪካ። ድርጅቱ በ2008 ከሰረ። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በየመኪናው የሚሰማው የኤክስኤም ሳተላይት ሬዲዮ ሲጀመር ገንዘብ ካወጡት አንዱ ይኸው ወርልድስፔስ ነበር። ድምፅ ቀላል ነው፣ መኪና እየሄደም ይገባል። ምሥል ነው ችግሩ።

አሜሪካኖች ቤት የሚያህል መኪና ይዘው ለሽርሽር ይዞራሉ፣ ውስጡ አልጋም ኩሽናም አለው። እነሱ የሚመርጡት ከሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድፍን ጉልላት የመሰለ ነገር ነው፣ ውስጡ ያለው ዲሽ በሞተር እየዞረ ሳተላይቱን ራሱ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ መኪናው እየሄደም ጭምር። ሁለተኛው ሲቆሙ አውርደው መሬት ላይ የሚያስቀምጡት፣ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚፈልግ። ሦስተኛው ተራ ዲሽ በሦስት እግር ስታንድ፣ በእጅ የሚስተካከል። የሞንጎሊያ አርብቶ አደሮችም ይህን ሦስተኛውን ነው የያዙት፣ ከሶላር ጋር፤ ድንኳኑ ሲነቀል ዲሹም አብሮ ይጫናል።

አጎቴ ልቡ ጉልላቱ ላይ ነበር። ስልኬ ላይ ቪዲዮውን ሲያይ ዓይኑ በራ። "ይሄን አስመጣልኝ፣ እከፍላለሁ" አለ። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ልስማማ ነበር፣ ሰውየው ከ20 ዓመት በኋላ ለራሱ የጠየቀው ነገር እኮ ነው! ግን አሰብኩት። አንደኛ፣ ዋጋው ሌላ ቢቀር የልጁን የዓመት ትምህርት ክፍያ ይበላል። ሁለተኛ፣ ከተበላሸ ማን ይሠራዋል? ታይዋን ውስጥ የዲሽ ኤልኤንቢ የማይቀይር ልጅ የለም፣ ያንን ሞተር የሚከፍት ግን አላገኘሁም። ሦስተኛው ትልቁ ነው። እየነዳህ ለምን ታያለህ? አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ስቆም ነው" አለ። ስትቆም ከሆነ እንግዲህ ስታንዱ ይበቃል።

የገዛነው ይህን ነው። 60 ሳንቲሜትር ዲሽ፤ 90ው ምልክቱን የተሻለ ይይዛል፣ ግን ነፋስም የተሻለ ይይዛል፣ ጋቢና ውስጥም ቦታ የለም። ታጣፊ ስታንድ፣ ሥሩ ላይ ድንጋይ ወይም የውሃ ጀሪካን የሚንጠለጠልበት። 10 ሜትር ገመድ፣ መኪናው ጥላ ቢቆም ዲሹ ገላጣ ቦታ እንዲወጣ። ትንሽ ፋይንደር፣ ሲያገኝ የሚጮኸዋን። ሪሲቨሩንና ቲቪውን ግን በ12 ቮልት የሚሠሩ መረጥን፣ ምክንያቱም ኢንቨርተር መሃል ሲገባ ባትሪውን በከንቱ ይጠጣል። የከባድ መኪና ባትሪ 24 ቮልት ስለሆነ ወደ 12 የሚያወርድ መቀነሻ ጨመርን። ባለሱቁ "ከአንዱ ባትሪ ብቻ ብትስቡት ይሠራል" ብሎን ነበር። ይሠራል፣ ግን ሁለቱ ባትሪዎች እኩል ስለማይጠጡ አንዱ ቶሎ ይሞታል፤ ሹፌሮች ካላችሁ ይህቺን ያዙ።

የቀረው አቅጣጫ ነበር። አጎቴ ኮምፓስ አይወድም፣ የስልኩ ደግሞ ብረት አጠገብ ሲሆን ይቀጥፋል። ራሱ ነው መፍትሔውን ያመጣው።

"ቂብላው በየት ነው ያለው ከሳተላይቷ?" አለኝ።

ወረቀት አውጥተን ሠራነው። ከድሬ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ሳተላይቷ ደቡብ ምሥራቅ። ስለዚህ ለቂብላ ጀርባህን ስጥ፣ ከዚያ ወደ ግራህ የግማሽ ዙር ግማሽ የግማሹን፣ ማለትም 45 ዲግሪ ያህል፣ ዙር። ወደ ጅቡቲ በቀረብክ ቁጥር ከዚያ በጥቂቱ ቀንስ። በቀን አምስቴ የሚሰግድ ሰው አቅጣጫ አይጠፋበትም። "ሰግጄ ስጨርስ ዞሬ እተክለዋለሁ" ብሎ ሳቀ።

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ፣ ከደወሌ ወዲህ መንገድ ዳር ቆሞ። ረዳቱ ዲሹን ይዞ ሲያዞር፣ እሱ "ቀስ! ቀስ! ተመለስ!" ሲል ይሰማኛል። ከዚያ ፋይንደሯ ጮኸች።

"ኳሊቲው 68 ነው" አለኝ።

"ጎበዝ! በል እንግዲህ ቤት ደውልና…"

"አቦ ዝጋ፣ ጀምሯል" አለኝ። ዘጋብኝ።