የአከርካሪ ማስተካከያ፦ ካይሮፕራክቲክ ማንን ይረዳል፣ ማንን ይጎዳል?

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና፣ በወሎ ሰፈርና በአካባቢው፣ “ካይሮፕራክቲክ” የሚለው ቃል ከወገብና ከአንገት ሕመም ጋር ተያይዞ ይነሣል። ቃሉ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ቢሆንም ጀርባውን ለወጌሻ እጅ ሰጥቶ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም። ካይሮፕራክተር አከርካሪንና መገጣጠሚያዎችን በእጁ የሚያክም ባለሙያ ነው፤ ቀዶ ሕክምና አያደርግም።

ሙያው የተወለደው በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በዳቬንፖርት ከተማ ነው። መስከረም 8 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል ከመገኘቱ አምስት ወራት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው የአንድን የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ተጭኖ የጠፋ የመስማት ችሎታውን እንደመለሰለት ተናገረ። ከዚህም ተነሥቶ የአብዛኛው በሽታ ምንጭ ከቦታው የተንሸራተተ የአከርካሪ አጥንት ነው ሲል አስተማረ። ይህ አስተምህሮ በሳይንስ አልተረጋገጠም። ስለዚህ ዛሬም ስኳርን ወይም ደም ግፊትን በአከርካሪ ማስተካከያ እናድናለን የሚል ቢኖር ሊታመን አይገባም።

አከርካሪ አንገት ላይ 7፣ ከደረት ኋላ 12፣ ወገብ ላይ 5፣ በድምሩ 24 ተንቀሳቃሽ አንጓዎች አሉት። ባለሙያው ታካሚውን አስተኝቶ የገተረውን መገጣጠሚያ በእጁ ይፈልጋል፤ እንቅስቃሴው እስከሚያበቃበት ጫፍ ካደረሰው በኋላ አጭርና ፈጣን ግፊት ያሳርፍበታል። በዚህ ጊዜ “ቋ” የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ብዙዎች ድምፁን አጥንቱ ወደ ቦታው ለመመለሱ ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል። ድምፁ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጣት ሲንቋቋ ከሚሰማው አይለይም። አለመሰማቱም ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

ታዲያ ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየና ሌላ በሽታ ላላመጣው የወገብ ሕመም የአከርካሪ ማስተካከያን እንደ አንድ አማራጭ አስቀምጦታል። አብረውት የተዘረዘሩት ደግሞ የአካል እንቅስቃሴና ስለ ሕመሙ የሚሰጥ ትምህርት ናቸው። የወገብ ማሰሪያ ቀበቶን በመደበኛነት መጠቀምን ግን መመሪያው አይመክርም። በአጨዳ ሰሞን ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ገበሬም ሆነ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል የቢሮ ሠራተኛ የሚሰማቸው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። የሚገኘው እፎይታ መጠነኛ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

አደጋው ያለው ሕመሙ ከሌላ በሽታ የመጣ እንደሆነ ነው። በሀገራችን በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የአከርካሪ ቲቢ ነው። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተህዋስ አጥንት ውስጥ ገብቶ አንጓውን ይበላዋል። ሕመምተኛው ሳል ላይኖረው ይችላል፤ የሚሰማው ለወራት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተጎዳን አጥንት ወጌሻም ይሁን ካይሮፕራክተር ቢገፋው፣ አንጓው ተደርምሶ ኅብለ ሰረሰርን ሊጫንና እግር ሊያሽመደምድ ይችላል። በአንጻሩ በጊዜ የተደረሰበት ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

ስለዚህ ከጀርባ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ያለበት፣ ከዛፍ ወይም ከጣሪያ የወደቀ፣ ካንሰር ያለበት ወይም አጥንቱ የሳሳ ሰው ምርመራ ሳይደረግለት ጀርባው መነካት የለበትም። እግሩ የዛለ፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘ፣ ሽንት የያዘው ወይም መቆጣጠር ያቃተው ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት።

አንገት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልፎ አልፎ ፈጣን ጥምዘዛን ተከትሎ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የደም ሥር ተሰንጥቆ ስትሮክ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለካይሮፕራክተርነት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ሥልጠና ከ4 ሺህ 200 ሰዓት የማያንስ ትምህርት ነው። የሙያ ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ የታካሚው መብት ነው። ደህና ባለሙያ አስቀድሞ የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል፤ የእግርን ጉልበትና ስሜት ይመረምራል፤ ካስፈለገም ራጅ አስነሥቶ ወደ ሐኪም ይልካል። ምንም ሳይጠይቅ አስተኝቶ መግፋት ከጀመረ፣ ተነሥቶ መሄድ ይሻላል።