ራጅ ማንሳት ትምህርት የሆነው መቼ ነው?

ራጅ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሙያው «ትንፋሽ ያዙ፣ እንዳትነቃነቁ» ይላል፤ ቁልፉን ይጫናል፤ አለቀ። ታዲያ ቁልፍ ለመጫን ዓመታት መማር ለምን አስፈለገ?

ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያው ያለው ሁሉ ያነሳ ነበር፤ ጉዳቱን በደንብ ያወቀ አልነበረም። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ እጁን ደጋግሞ ለጨረሩ ያጋልጥ ነበር። ሁለቱም እጆቹ ተቆረጡ፤ ሆኖም ሊተርፍ አልቻለም፤ በ1904 ሞተ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ሐኪሞች በወታደሮች ሰውነት ውስጥ የተቀበረ ጥይትና ፍንጣሪ መፈለግ ነበረባቸው። ማሪ ኩሪ የራጅ መሣሪያ በመኪና ጭና ወደ ጦር ግንባር ወሰደች። ግን መኪናው ቢኖር ማን ያሠራው? ስለዚህ በ1916 ፓሪስ ውስጥ ሴቶችን ማሠልጠን ጀመረች፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ 150 ያህል ሴቶች ሠለጠኑ። ገና 20 ዓመት ያልሞላት ልጇ ኢሬንም አስተማሪ ነበረች።

ሠልጣኞቹ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ኤክስሬይና ስለ ሰውነት አካላት ይማሩ ነበር። ሒሳብም ነበረበት። ለምን? ራጅ ጥላ ስለሆነ ነው። አንድ ምስል ጥይቱ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ያሳያል እንጂ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ አይናገርም።

እስቲ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ጣታችሁን ከግድግዳ አጠገብ ያዙና ባትሪ አብሩበት፤ ባትሪውን ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱ ጥላው ጥቂት ብቻ ይሄዳል። ጣታችሁን ከግድግዳው አርቃችሁ ድገሙት፤ አሁን ጥላው ብዙ ይሄዳል። በጦር ግንባርም ከሁለት አቅጣጫ አንስተው፣ የጥላውን እርምጃ ለክተው የጥይቱን ጥልቀት ያሰሉ ነበር። ስሌቱ ከተሳሳተ የሐኪሙ ቢላ ያለቦታው ይገባል።

ያኔ ከጨረር መከላከያ ቢኖርም በቂ አልነበረም። ማሪ በ1934 በደም ሕመም፣ ኢሬን ደግሞ በ1956 በደም ካንሰር ሞቱ፤ ሁለቱም ሕይወታቸውን ሙሉ ከጨረር ጋር ሠርተዋል።

ዛሬ የራዲዮግራፊ ተማሪ በትንሹ ጨረር ጥሩ ምስል ማውጣትን ይማራል። ባለሙያው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ከግድግዳ ጀርባ የሚሄደውም ለዚህ ነው፤ እናንተ የምትነሱት አንድ ቀን ነው፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ለዓመታት ሲያነሳ ይኖራል።