መጽሐፍን ለልጆች ስለ መምረጥ

የቢቸና ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ጤፍ ለምግብ ከሚያስፈጨው ለይቶ ያኖራል። የሚበላው እህል ቢበላሽ የሚጎድለው የአንድ ሰሞን ማዕድ ነው፤ ዘሩ ቢበላሽ ግን ዓመቱ በሙሉ ይጠፋል። ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍም እንደ ዘር ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ለልጆቻቸው ምን ያስነብቡ እንደ ነበር፥ እኛስ ዛሬ እንዴት ልንመርጥላቸው እንደሚገባን ጥቂት ልናገር አሰብሁ።

በቢቸና አጠገብ ከምትገኘው ከዲማ ጊዮርጊስ ጀምሮ፥ በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ድረስ፥ በየደብሩ የልጅ ትምህርት ተራው የታወቀ ነበር። ልጁ አስቀድሞ ፊደል ይቈጥራል፤ ከዚያም አቡጊዳ ይላል፤ ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቈጠረ፥ በኋላም ቃሉን እያያያዘ ያነባል። በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይገባል። 150ውን መዝሙር የዘለቀ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል፤ በቤቱም ደስታ ይሆናል።

በዚህ ሥርዓት መጻሕፍቱ ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚቀድመውና የሚከተለውም ተለይቶ የታወቀ ነበር። የጥቂትነታቸው ምክንያት ግን የአባቶች ማስተዋል ብቻ አልነበረም። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ይፋቃል፥ ይወጠራል፤ ቀለም ይበጠበጣል፥ ብርዕ ይቀረጻል፤ ጸሐፊውም ብዙ ቀን ጐንበስ ብሎ ይደክማል። ይህን ያህል ወጪና ድካም የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ ሰው የማይረባ ነገር በብራና ለማስጻፍ በቀላሉ አይደፍርም ነበር። ውድነቱ ራሱ ወንፊት ሆኖ ያጣራ ነበር ማለት ነው።

ይህን ወንፊት ማተሚያ አነሣው። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም የታተመው፥ ያው ልጆቻችን የሚደግሙት ዳዊት ነበር። በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአማርኛ መጽሐፍ እየበዛ ሄደ። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ዛሬ መልካሙም ከንቱውም እኩል ታትሞ፥ እኩል አሸብርቆ፥ በአንድ ዋጋ ይሸጣልና፥ ማጣራቱ በአንባቢው ላይ ወድቋል።

ደግነቱ፥ ለልጆች የሚያስቡ ደራሲዎች አላጣንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አወጡ። ከከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ደግሞ ብዙ ተማሪ ተረትን በግጥም ተምሮበታል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆኑኝ የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ደብረ ወርቅና ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ ዲማ ጐልታ የምትታይበትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ያወጡት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም መልካም መጻሕፍት ናቸው። ነገር ግን ተረቱን ለስምንት ዓመት ልጅ፥ ልብ ወለዱን ለዐሥራ ሰባት ዓመት ወጣት የሰጠ ሰው ሁለቱንም ያስደስታል፤ አገላብጦ የሰጠ ግን ሁለቱንም ከንባብ ያርቃል። መልካም መጽሐፍም ያለ ጊዜው ከተሰጠ እንደ ጥሬ እህል ነው።

ይህ ነገር ለባለጸጋ ቤት ብቻ የሚነገር ጨዋታ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት፥ በምሥራቅ ጎጃም ጭምር፥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች በቤት ቀርተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህር የሚሆነው በቤት ያለው መጽሐፍ ነው፤ መራጩም ማንበብ የሚያውቀው ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ነው። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ምክሬ ለእናንተ ነው።

አንደኛ፥ መጽሐፉን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት እናንተ ራሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ሽፋኑ ያማረ ሁሉ ውስጡ ያማረ አይደለምና። ሁለተኛ፥ ጮኽ ብላችሁ አንብቡት። አማርኛው ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ከሆነ በምላስ ላይ ይጐረብጣል፤ አያታችሁ ሰምተው የማይገባቸው አማርኛ ለሕፃንም አይገባውም። ሦስተኛ፥ እውነቱን መርምሩ። የታሪክ መጽሐፍ ከሆነ ዘመኑንና ስፍራውን ይናገር። የራሱን ወገን ብቻ እያመሰገነ ሌላውን የሚያስንቅ መጽሐፍ ልጅን የሚያስተምረው ታሪክን ሳይሆን ቂምን ነው። አራተኛ፥ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን አጥፎ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። የነገራችሁ ነገር በልቡ የቀረው ነው።

ብዙ መጽሐፍ መግዛት ባትችሉ አትዘኑ። አባቶቻችን ዳዊትን ደጋግመው በማንበብ ሊቃውንት ሆነዋል። ሦስት መልካም መጻሕፍት በቤታችሁ ቢኖሩ፥ በተራቸው አስነብቧቸው፤ ሲያልቁም እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሩ።