ባዮቲን እና ራሰ በራነት፦ ሁለት ታሪኮች እንዴት ተምታቱ?

የአባታችሁን ወይም የአጎታችሁን ራስ አይታችሁ፣ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማችሁ የግንባራችሁን ስፋት በጣት ለክታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለክቻለሁ። ቀጥሎ የሚሆነውንም ታውቁታላችሁ፦ ቲክቶክ ስትከፍቱ ወይም ፋርማሲ ጎራ ስትሉ ባዮቲን የሚባል ክኒን ይቀርብላችኋል። ብልቃጡ ላይ 10,000 ማይክሮግራም የሚል ተጽፏል። ለአዋቂ ሰው በቀን በቂ ነው የሚባለው ግን 30 ማይክሮግራም ነው። ከ300 እጥፍ በላይ ማለት እኮ ነው! ታዲያ ባዮቲንን ከጸጉር ጋር ማን አገናኘው?

ነገሩ የሚጀምረው ከእንቁላል ነው። በ1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ማርጋሬት ቦአስ የተባለች ተመራማሪ ለንደን ውስጥ አይጦችን ጥሬ የእንቁላል ነጭ አድርቃ ትመግብ ነበር። አይጦቹ ቆዳቸው ቆሰለ፣ ጸጉራቸውም ረገፈ። ጉበት የመሰሉ ምግቦች ሲጨመሩላቸው ግን ዳኑ። ስለዚህ በእነዚያ ምግቦች ውስጥ የሚከላከል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ፖል ጆርጂ የተባለ ሌላ ሳይንቲስት ይህን ነገር "ቫይታሚን ኤች" አለው። "ኤች" የተወሰደችው "ሃውት" ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ቆዳ ነው። ዛሬ ባዮቲን የምንለው እሱን ነው። በኋላ እንደታወቀው ጥሬ የእንቁላል ነጭ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ባዮቲንን አንቆ ይይዝና ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። እንቁላሉ ሲበስል ግን አቪዲን ይህን ኃይሉን ያጣል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የአይጦቹ ጸጉር የረገፈው ባዮቲን ስለተነፈጉ ነው። ሞተር ያለ ዘይት ይቃጠላል፤ ይህ ማለት ግን አሥር እጥፍ ዘይት ብትሞሉበት መኪናው ይፈጥናል ማለት አይደለም። "ሲጎድል ጸጉር ይረግፋል" ከሚለው ተነስቶ "ሲጨመር ጸጉር ይበቅላል" ማለት ዝላይ ነው። የባዮቲን ገበያ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ዝላይ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንሂድ። ሂፖክራተስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጃንደረቦች መላጣ እንደማይሆኑ ታዝቦ ነበር። ምክንያቱን ግን ለረጅም ዘመን በቅጡ የመረመረ ሰው አልነበረም። በ1942፣ የባዮቲን ኬሚካዊ አወቃቀር በተፈታበት በዚያው ዓመት፣ ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ የአናቶሚ ተመራማሪ ጥናቱን አወጣ። ያጠናው 104 ወንዶችን ነው፤ የተሰለቡ ወይም በተፈጥሮ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩ። ከጉርምስና በፊት የተሰለቡት መላጣ አልሆኑም። የወንድ ሆርሞን፣ ማለትም ቴስቶስተሮን፣ ሲሰጣቸው ግን በቤተሰባቸው ራሰ በራ ያለባቸው ሰዎች ጸጉራቸው መሳሳት ጀመረ። በዘራቸው የሌለባቸው ደግሞ ሆርሞኑን ወስደውም አልተመለጡም። በጣም የምወደው ጥናት ነው፤ ዘር ብቻውን አይበቃም፣ ሆርሞንም ብቻውን አይበቃም፣ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። በነገራችን ላይ "ራሰ በራነት ከእናት ወገን ነው የሚመጣው" የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት አለው፦ ሆርሞኑን የሚቀበለው ጂን ያለው ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወስደው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ግን ብቻውን አይደለም። በ2017 የወጣና ወደ 52,000 ብሪታንያውያን ወንዶችን ያካተተ ጥናት ከ280 በላይ የጂን ቦታዎችን አግኝቷል። ስለዚህ እናታችሁን ብቻ አትውቀሱ።

ቀጣዩ ፍንጭ የመጣው ከካሪቢያን ነው። በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊ እና ባልደረቦቿ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ሳሊናስ በሚባል መንደር ስለሚገኙ ልጆች ጻፉ። ሲወለዱ ሴት መስለው ያደጉ፣ ጉርምስና ሲደርስ ግን አካላቸው ወደ ወንድነት የተለወጠ ልጆች ናቸው። ቴስቶስተሮንን ዲኤችቲ ወደሚባል ይበልጥ ኃይለኛ ሆርሞን የሚቀይር ኢንዛይም ጎድሏቸዋል። ካደጉ በኋላም ፕሮስቴታቸው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ የግንባራቸው ጸጉር ደግሞ ወደ ኋላ አይሸሽም። ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው! ዲኤችቲ በዘር ለተጋለጠ ሰው ጸጉር የሚበቅልበትን ጥቃቅን ከረጢት ቀስ በቀስ ያኮማትራል፤ የእድገት ጊዜውንም ያሳጥራል። ጸጉሩ በየዙሩ እየቀጠነ ይሄዳል።

ኢንዛይሙን የሚያግደው ፊናስቴራይድ መጀመሪያ በ1992 ለፕሮስቴት፣ ከዚያ በ1997 በአነስተኛ መጠን ለወንዶች ራሰ በራነት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሌላኛው፣ ሚኖክሲዲል፣ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የወሰዱት ሰዎች ባልጠበቁት ቦታ ሁሉ ጸጉር ሲያበቅሉ ነው ወደ ራስ ቅባትነት ተቀይሮ በ1988 የተፈቀደው። ሁለቱም ሲቋረጡ ጥቅማቸው ይቋረጣል፤ የጎንዮሽ ጉዳትም ስላላቸው ያለ ሐኪም የሚጀመሩ አይደሉም።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጓቸው። ባዮቲን ከዲኤችቲ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። በምግባችሁ በቂ ባዮቲን እያገኛችሁ ከሆነ (እንቁላል፣ ጉበት፣ ለውዝ ውስጥ አለ) ተጨማሪው በሽንት ይወጣል፤ በዘር የመጣውን መመለጥም አያቆምም። ታዲያ ለምን ይሸጣል? መልሱ ሕግ ውስጥ ነው። በ1989 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ራስ ላይ የሚቀቡና ያለ ማዘዣ የሚሸጡ "ጸጉር አብቃይ" ምርቶች መሥራታቸው አልተረጋገጠም ብሎ በዚያ ስም እንዳይሸጡ ከለከለ። ከተዘረዘሩት ንጥረ ነገሮች መካከል ባዮቲንና ሌሎቹ የቢ ቫይታሚኖች ነበሩበት። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1994፣ የወጣው ሌላ ሕግ ግን የሚዋጡ ተጨማሪ ምግቦችን ከመድኃኒት ለየ። አምራቹ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። "መላጣነትን ይፈውሳል" ማለት አይችልም፣ "ጤናማ ጸጉርን ይደግፋል" ማለት ግን ይችላል። ብልቃጡን ገልብጣችሁ አንብቡት።

"ባይጠቅምም አይጎዳም" የምትሉ አላችሁ። ይጎዳል። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ ጸጉር ያረግፋል፤ ሴሊኒየምም እንዲሁ። በ2008 አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ ተጨማሪ ምግብ በስህተት፣ ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሴሊኒየም ይዞ ተሸጠ። ወደ 200 ሰዎች ታመሙ፤ የብዙዎቹም ጸጉር ረገፈ። ባዮቲን ደግሞ የደም ምርመራን ያዛባል። በ2017 ያው የአሜሪካ ተቋም ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የልብ ድካምን የሚለየው የትሮፖኒን ምርመራ በባዮቲን ምክንያት በሐሰት ዝቅ ብሎ የታየበት አንድ ታካሚ መሞቱን ገልጿል። የታይሮይድ ምርመራም ሊዛባ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልለይላችሁ። የራስ ጸጉር በሙሉ እኩል የሚሳሳ ከሆነ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ በኋላ፣ ይህ ሌላ ዓይነት መርገፍ ነው። የደም ማነስና የብረት እጥረትም ጸጉር ያረግፋሉ፤ የወር አበባቸው የሚበዛ ሴቶች ይህን ሊያውቁት ይገባል። እዚያ ላይ የጎደለውን መተካት በእውነት ይሠራል። ግን መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ ይሰጥ። ደም ለመስጠት ስትቀመጡም ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ለላብራቶሪ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ላይጠይቃችሁ ይችላልና።